የፊልም ሽልማትና የፊልም ታላቅነት፤ ዳኛው ማን ነው?

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም። የጥበብ ሥራ የሚወለደው፣ የሚመዘነውና የሚሸለመው በምድር ላይ፣ በሰዎች መካከል፣ የሰዎችም ጥቅም በሚጋጭበት ሥፍራ ነው። ይህ ለግጥምም፣ ለቲያትርም፣ ለሥዕልም እውነት ነው። ከሁሉም ይልቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ የሰው ጉልበት ለሚጠይቀው ለፊልም ጥበብ ደግሞ ይበልጥ እውነት ነው።

በየዓመቱ ከአሜሪካ የፊልም መንደር ከሆሊውድ የሚወጣው የኦስካር ሽልማት ዜና ዓለምን ያዳርሳል። የሽልማቱ ስም በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ በሥራ ቦታና በሰፈርም ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ዓለም የመሰከረለት ስለሆነ ታላቅ ፊልም ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሽልማት የገንዘብና የፖለቲካ ጨዋታ ስለሆነ ምንም አያመለክትም» ሲል ይመልሳል። እኛ ሁለቱም አባባሎች ጉዳዩን ከግማሽ በላይ አይገልጹትም እንላለን። ሽልማት አንድ ነገር በእርግጥ ያመለክታል። የሚያመለክተው ግን ከፊልሙ ዘላቂነት ይልቅ የሸላሚውን ማንነት ነው። ይህንንም ከታሪክ ማስረጃ እያቀረብን እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እንፈልጋለን።

ሽልማቱ ከየት መጣ?

ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም ጥበባትና ሳይንስ አካዳሚ የተቋቋመው በ1927 ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ተዋናይ ወይም ደራሲ አልነበረም፤ የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ አለቃ የነበረው ሉዊስ ሜየር ነው። ለምን አሰበው? መልሱን ለማግኘት የዚያን ዘመን የሠራተኛ እንቅስቃሴ መመልከት ያስፈልጋል። በ1926 መገባደጃ ላይ የሆሊውድ አናጢዎች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ቀለም ቀቢዎችና ሌሎች ባለሙያዎች በማኅበሮቻቸው አማካይነት ከኩባንያዎቹ ጋር የጋራ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ነገ ደግሞ ተዋንያኑ፣ ደራሲዎቹና አዘጋጆቹ ይደራጃሉ የሚል ሥጋት በባለ ሀብቶቹ ላይ አደረ። ስለሆነም አሠሪውንና ሠራተኛውን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስብ፣ ክርክርን በቤት ውስጥ የሚጨርስና ነፃ የሠራተኛ ማኅበርን አላስፈላጊ የሚያስመስል ተቋም ተፈለገ። ሽልማት መስጠት በመጀመሪያው ላይ ከተቋሙ ልዩ ልዩ ተግባራት አንዱ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሽልማት በ1929 በአንድ ሆቴል የእራት ግብዣ ላይ ሲሰጥ ሥነ ሥርዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ እንደፈጀ ይታወቃል።

የተቋሙ ባሕርይ በይፋ የታየው በችግር ጊዜ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት፣ በ1933፣ ኩባንያዎቹ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ለስምንት ሳምንት እስከ ግማሽ ድረስ ሲቆርጡ አካዳሚው ከቅነሳው ጎን ቆመ። ውጤቱም ሜየር ከፈለገው ተቃራኒ ሆነ። ብዙ ተዋንያንና ደራሲዎች አካዳሚውን ጥለው ወጡ፤ ተዋንያኑም በዚያው ዓመት የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1936 ማኅበራቱ አባሎቻቸው ከሽልማቱ ግብዣ እንዲቀሩ ጥሪ ሲያደርጉ፣ ደድሊ ኒኮልስ የተባለው ደራሲ ለ«ኢንፎርመር» ፊልም ድርሰቱ የተሰጠውን ሐውልት አልቀበልም ሲል መለሰው። አካዳሚው ከሠራተኛና ከአሠሪ ጉዳይ እጁን ያወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ተቋም በምን ምክንያት እንደተወለደ ማወቅ ተቋሙ የሸለመውን ሥራ ሁሉ ለማውገዝ አያበቃም። ይህን እናምናለን። ነገር ግን ሚዛኑን ማን እንደሠራው የማያውቅ ሸማች ኪሎው ሙሉ መሆኑን በምን ያውቃል?

በመጀመሪያው ሽልማት ላይ የሆነ አንድ ነገር ይህን ያስረዳል። በዚያን ዕለት የነበሩት ከፍተኛ ሽልማቶች ሁለት ነበሩ። አንዱ በአጠቃላይ ሥራው ብልጫ ላለው ፊልም ሲሆን፣ እርሱን «ክንፎች» የተባለው የአየር ጦርነት ፊልም ወሰደው። ሁለተኛው ልዩ የጥበብ ዋጋ ላለው ፊልም የተመደበ ሲሆን፣ የጀርመኑ አዘጋጅ ሙርናው በሆሊውድ የሠራው «የፀሐይ መውጣት» አገኘው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ይህ የጥበብ ሽልማት ተሠረዘና አንዱ ብቻ ቀረ። ዛሬ «ክንፎች» በብዛት የሚነሳው የመጀመሪያው ተሸላሚ በመሆኑ ነው። «የፀሐይ መውጣት» ግን በ2012 ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ከመላው ዓለም የፊልም ሐያስያን በሰበሰበው ድምፅ አምስተኛ ደረጃ አግኝቷል። የተሠረዘው ምድብ ከቀረው ምድብ የተሻለ አሻግሮ አይቶ ነበር ማለት ነው።

የባለ ሀብቱ ጥላ

በ1941 የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት ኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ፊልሙ የአንድን ታላቅ የጋዜጣ ባለ ሀብት ሕይወት የሚመረምር ሲሆን፣ በብዙዎች ዘንድ ምሳሌው የአሜሪካው የጋዜጣ ከበርቴ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት እንደሆነ ታወቀ። የኸርስት ጋዜጦች ስለ ፊልሙ እንዳይጽፉ፣ ማስታወቂያውንም እንዳያወጡ ተከለከሉ። ከዚህም አልፎ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ነጋቲቩና ቅጂዎቹ እንዲቃጠሉ፣ ለዚህም ከስምንት መቶ ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፈል የሚል ሐሳብ ለአምራቹ ኩባንያ ቀረበ። ሐሳቡን ያመጣው ማን ነበር? ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አካዳሚውን ያቋቋመው ያው ሉዊስ ሜየር ነው። ኩባንያው ሐሳቡን ባይቀበልም ፊልሙ በብዙ ሲኒማ ቤቶች ሳይታይ ቀረ።

በሽልማቱ ዕለት «ሲቲዝን ኬን» በዘጠኝ ዘርፎች ታጭቶ በአንድ ብቻ፣ በድርሰት ዘርፍ፣ ተሸለመ። የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው የጆን ፎርድ «ሸለቆዬ ምንኛ ለምለም ነበር» ነው። በእውነቱ ይህኛው የሚናቅ ሥራ አይደለም። ስለ ዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ይተርካል፤ የደመወዝ ቅነሳንና የሥራ ማቆም አድማንም ያሳያል። ይሁን እንጂ የሠራተኛው መከራ በልጅነት ትዝታ መጋረጃ ተሸፍኖ የቀረበና ያለፈ ነገር ሆኖ የሚታይ በመሆኑ በሕይወት ያለን ባለ ሀብት የሚያስቆጣ አልነበረም። ሳይት ኤንድ ሳውንድ በየአሥር ዓመቱ በሚያካሂደው ምርጫ «ሲቲዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 ድረስ አምስት ጊዜ በተከታታይ የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል። በ2012 የተካውም በ1958 የተሠራው የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ሲሆን፣ እርሱም በዘመኑ በሁለት ዘርፎች ብቻ ታጭቶ አንዱንም ያላገኘ ፊልም ነው።

ስሙ የተሠረዘው ደራሲ

እስካሁን የተመለከትነው ሽልማቱ ታላቅን ሥራ እንዴት እንደሚስት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን አንድ ሥራ ከነጭራሹ ለዳኝነት እንዳይቀርብ ሲደረግ ነው። የማይክል ዊልሰን ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ማይክል ዊልሰን በ1952 «በፀሐይ ሥር ያለ ሥፍራ» ለተባለው ፊልም በጻፈው ድርሰት ኦስካር የተሸለመ ደራሲ ነበር። በዚያው ዘመን ግን በአሜሪካ ኮሙኒስት ናችሁ የተባሉ የፊልም ሰዎች ስም ተመዝግቦ ከሥራ የሚታገዱበት የጥቁር መዝገብ ወቅት ነበርና እርሱም ታገደ። እንዲህ የታገዱ ሰዎች ተባብረው በ1953 «የምድር ጨው» የተባለውን ፊልም ሠሩ። ድርሰቱን ዊልሰን ጻፈው፤ ኸርበርት ቢበርማን አዘጋጀው።

ፊልሙ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአንድ የዚንክ ማዕድን ከ1950 እስከ 1952 በተካሄደ እውነተኛ አድማ ላይ የተመሠረተ ነው። ትውልዳቸው ከሜክሲኮ የሆነ ማዕድን ቆፋሪዎች ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲታዩ ጠየቁ። ፍርድ ቤት ቆፋሪዎቹ በአድማው መስመር ላይ እንዳይቆሙ ሲከለክል፣ ትእዛዙ ሚስቶቻቸውን የማይጠቅስ በመሆኑ ሴቶቹ ተተክተው መስመሩን ያዙ። ባሎች በፈንታቸው ልብስ አጠቡ፤ ልጅ ጠበቁ። ቀድሞ የአድማው ጥያቄ ሆኖ ያልተቆጠረው የሴቶቹ የውኃ ችግርም ያን ጊዜ ክብደቱ ታወቀ። የፊልሙ ኃይል ከዚህ ላይ ነው። ሠራተኛውን ጭቁን ብሎ ብቻ አይተወውም፤ ራሱ በቤቱ ውስጥ ማንን እንደጨቆነ ይጠይቀዋል። ዋናውን የወንድ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ኹዋን ቻኮን የማዕድን ሠራተኞቹ የአካባቢ ማኅበር መሪ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ተዋንያንም የአድማው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ።

በዚህ ፊልም ላይ የደረሰውን እንመልከት። ዋናዋ ተዋናይት ሜክሲኮአዊቷ ሮሳውራ ሬቩወልታስ ቀረጻው ሳያልቅ ተይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። የፊልም ማጠቢያ ቤቶች ሥራውን አንቀበልም አሉ። የሲኒማ ማሽን ሠራተኞች ማኅበር አባሎቹ እንዳያሳዩት አደረገ፤ ሠራተኛን ከሠራተኛ ማጋጨት የቆየ ዘዴ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1954 ለሕዝብ ሲቀርብ በመላው አሜሪካ ከአሥራ ሁለትና ከአሥራ ሦስት የማይበልጡ ሲኒማ ቤቶች ብቻ አሳዩት። እንዲህ ያለ ፊልም በሽልማት ዝርዝር ላይ አለመገኘቱ የማን ጉድለት ነው?

የደራሲው ዕጣም በዚህ አላበቃም። ዊልሰን ከካርል ፎርማን ጋር «የኩዋይ ወንዝ ድልድይ» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። ፊልሙ በ1958 ምርጥ ፊልም ተብሎ ሰባት ሐውልት ሲወስድ ሁለቱም በጥቁር መዝገብ ላይ ስለነበሩ ስማቸው አልተነሳም። የድርሰቱ ሽልማት የተሰጠው ታሪኩን በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ለጻፈውና ድርሰቱን በእንግሊዝኛ ላላዘጋጀው ለፒየር ቡል ነው። አካዳሚው ስሕተቱን ያረመው በ1984 መጨረሻ ሲሆን፣ ዊልሰን በ1978፣ ፎርማንም በዚያው በ1984 አጋማሽ ሞተው ነበር። «የምድር ጨው» በበኩሉ በ1992 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ገባ። ትናንት እንዳይታይ የተከለከለው ሥራ ዛሬ የአገር ቅርስ ተባለ።

ተቃራኒውን ማስረጃ ብንመዝን

ፍትሐዊ ክርክር ተቃራኒውንም ማስረጃ ይመዝናል። ሽልማትና ዘላቂ ታላቅነት የተገናኙበት ጊዜ አለ። በሥራ ፍለጋ የሚንከራተት የሮማ ሰው ብስክሌቱን የተሰረቀበትን ታሪክ የሚናገረው የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች»፣ ዋናው ተዋናይ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረበት ፊልም፣ በ1950 ከአካዳሚው የክብር ሽልማት አግኝቷል። ከሁለት ዓመት በኋላም በሳይት ኤንድ ሳውንድ የመጀመሪያ ምርጫ አንደኛ ሆኗል። «ካዛብላንካ» እና «ዘ ጎድፋዘር» ምርጥ ፊልም ተብለው ዛሬም በፍቅር የሚታዩ ናቸው። ከውጭ አገር ለሚመጣ ፊልምም ሽልማት ተመልካች እንደሚያስገኝለት መካድ አይቻልም።

ስሕተቱንም በአንድ ወገን ብቻ ማላከክ ከእውነት ያርቃል። የሶቪየቱ አዘጋጅ ካላቶዞቭ በ1964 የሠራው «እኔ ኩባ ነኝ» የተባለው ፊልም በሶሻሊስት አገሮች ትብብር የተሠራ ሆኖ ሳለ በሞስኮም በሃቫናም ቀዝቃዛ አቀባበል ደርሶበት ለዓመታት ተረሳ። የፊልም ሰዎች እንደገና አውጥተው ያከበሩት በ1990ዎቹ ነው። ማለትም የመንግሥት ሹምም እንደ ኩባንያ አለቃ የዕለቱን ጥቅሙን እያየ ሊፈርድ ይችላል።

ቁም ነገሩ ዳኛው ሲለወጥ ፍርዱም መለወጡ ነው። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2012 ባወጣው ምርመራ ከአካዳሚው ድምፅ ሰጪዎች 94 በመቶ ያህሉ ነጮች፣ 77 በመቶ ያህሉም ወንዶች ነበሩ። በ2016 ብርቱ ተቃውሞ ከተነሳ በኋላ አካዳሚው አባልነቱን ለሴቶች፣ ለጥቁሮችና ለውጭ አገር ሰዎች ይበልጥ ከፈተ። በ2020 ምድር ቤት ውስጥ የሚኖርን ድኻ ቤተሰብ ከባለጸጎች ቤት ጋር የሚያፋጥጠው የኮሪያው «ፓራሳይት» ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ ምርጥ ፊልም የተባለ የመጀመሪያው ሆነ። ሳይት ኤንድ ሳውንድም በ2012 846 የነበሩትን መራጮቹን በ2022 ከ1,600 በላይ ሲያደርስ፣ አንደኛ የሆነው ሻንታል አከርማን የተባለችው የቤልጅግ አዘጋጅ በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» ነው። ይህ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም አንዲት እናት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ምግብ ስታቀርብ በትዕግሥት ያሳያል። የቤት ውስጥ ሥራ ሥራ ሆኖ በሲኒማ እንዲታይ አርባ ሰባት ዓመት ቆይቶ የመራጩ ስፋት ፈረደለት።

የአፍሪካ ፊልሞች ምስክርነት

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አለመሆኑን የአህጉራችን የፊልም ሰዎች ሕይወት ያስረዳል። የአፍሪካ ፊልም አባት የሚባሉት ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ጭነት የሚያራግፉ ሠራተኛና የማኅበር ታጋይ ነበሩ። በ1966 ያቀረቡት «ጥቁሯ ልጅ» ወደ ፈረንሳይ ለቤት ሠራተኛነት የተወሰደች የሴኔጋል ወጣት ታሪክ ነው። ሴምቤን በሕይወት ዘመናቸው ለኦስካር አልታጩም። ፊልማቸው ግን በ2022 ሳይት ኤንድ ሳውንድ ከመረጣቸው መቶ ፊልሞች አንዱ ሆኗል።

የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያቀረቡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የባላባቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት በጥቁርና ነጭ ምስል፣ በአማርኛ ቋንቋ የሚናገር ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2006 ታድሶ በካን የፊልም በዓል ላይ ከታወቁ ጥንታውያን ፊልሞች ጋር ታየ። ስለ ጥቁሮች ባርነት የሚናገረው «ሳንኮፋ» ደግሞ በ1993 ሲጠናቀቅ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ታላቅ ኩባንያ አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት ተከራይተው፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ በጥቁሮች ማኅበረሰቦች ድጋፍ አሳዩት። በ2021 ያው ፊልም ታድሶ ለዓለም ሲቀርብ፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አዲስ የከፈተው ሙዚየም ለኃይሌ የክብር ሽልማት ሰጣቸው። ሽልማቱ የመጣው ፊልሙን ሕዝብ ተሸክሞ ሃያ ስምንት ዓመት ካሻገረው በኋላ መሆኑን ልብ እንበል።

ጊዜ ብቻውን አይፈርድም

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ብዙ ሰዎች ስለ ፊልም ሲናገሩም «ሽልማቱ ቢሳሳት ጊዜ ይፈርዳል» ብለው ይጽናናሉ። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን። ጊዜ ራሱ ዳኛ አይደለም፤ ጊዜ ያቃጥላል፣ ያበሰብሳል፣ ያስረሳል። ከላይ ያነሳነው «የፀሐይ መውጣት» የመጀመሪያ ነጋቲቩ በ1937 በፊልም መጋዘን ቃጠሎ ጠፍቷል፤ የምናየው ከተረፈ ቅጂ የተባዛውን ነው። የሜየር ሐሳብ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ «ሲቲዝን ኬን»ን ማንም ጊዜ አይፈርድለትም ነበር። «የምድር ጨው» ሊታደግ የቻለው የሠራተኛ ማኅበራት፣ ተማሪዎችና የሴቶች ቡድኖች ቅጂውን በአዳራሾቻቸው ደጋግመው ስላሳዩት ነው። «ሳንኮፋ»ንም ያሻገሩት የየከተማው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እያደር የሚጠራው እውነት ጠባቂ ያለው እውነት ነው።

ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። ታላላቅ የፊልም ሽልማቶች በአንድ ዓመት፣ አንድ ቡድን፣ በእጁ ከደረሱት ፊልሞች መካከል የትኛውን እንደወደደ የሚገልጹ ሰነዶች ናቸው። ሰነድነታቸውን እንቀበላለን፤ ፍርድነታቸውን ግን እንመረምራለን። ዘላቂ ታላቅነት የሚታወቀው ሥራው ሐውልቱ ከተሰጠበት ምሽት በኋላ፣ በሌላ አገርና በሌላ ትውልድ ውስጥ፣ ስለ ራሱ ኑሮ አዲስ ነገር የሚነግረው ተመልካች ሲያገኝ ነው።

ስለሆነም የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ሠራተኞች ፊልም በምታዩበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን እንድታነሱ እናሳስባለን። ይህን የሸለመው ማን ነው? በዚያው ዓመት ተሠርቶ እኛ ዘንድ እንዳይደርስ የተደረገው የትኛው ነው? ይህ ሥራ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ለልጆቻችን እንዲደርስ የሚጠብቀው ማን ነው? ከፊልሙ በኋላ መብራት ሲበራ ወዲያው ከመበተን ይልቅ ተቀምጦ መወያየት፣ የሠራተኛውን ኑሮ የሚያሳዩ የቆዩ ፊልሞችን ፈልጎ በማኅበር አዳራሽ ማሳየት፣ የአገራችንም ቀደምት ፊልሞች በአቧራ እንዳይበሉ መጠየቅ የሁላችንም ድርሻ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹና ሚስቶቻቸው የሠሩትን ፊልም ለዛሬ ያደረሱት እንዲህ ያሉ ተመልካቾች ናቸውና፣ የዳኝነቱን ወንበር ለሌላ ለቅቀን አንነሳ።